ለረጅም ጊዜ የሚቆም ሞተር፦ ስለ ነዳጁም ይታሰብ

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፦

ለረጅም ጊዜ ስለሚቆሙ ተሽከርካሪዎችና ጄኔሬተሮች አያያዝ በቅርቡ ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ስለ ባትሪና ስለ ጎማ የተሰጠው ምክር የሚነቀፍ አይደለም። ስለ ነዳጁ የተባለው ግን «ታንኩን ሞልታችሁ አቁሙት» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ በመሆኑ፣ ያውም ለናፍጣውም ለቤንዚኑም ሞተር በጅምላ የተሰጠ በመሆኑ፣ በሞተር ጥገና ሥራ ላይ እንዳለ ሰው ጥቂት ማስተካከያ እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

ታንክ መሙላት የሚጠቅመው እርጥበትን ለመቀነስ ነው። ጎዶሎ ታንክ ቀን ሲሞቅ አየር ያስወጣል፣ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ደግሞ እርጥበት ያዘለ አየር ይስባል፤ እርጥበቱም በታንኩ ግድግዳ ላይ ጤዛ ሆኖ ይወርድና፣ ውሃ ከነዳጅ ስለሚከብድ ከሥር ይጠራቀማል። ሞልቶ ማቆም ይህን ይቀንሳል እንጂ ነዳጁን ከእርጅና አያድነውም። ቤንዚን ቶሎ የሚተኑና ዘግይተው የሚተኑ ውሁዶች ድብልቅ ሲሆን፣ ቀዝቃዛ ሞተር በቀላሉ እንዲነሳ የሚያደርጉት ቶሎ የሚተኑት ናቸው፤ ቀድመው የሚያመልጡትም እነሱው ናቸው። የቀረው ከኦክስጅን ጋር እየተዋሃደ ሙጫ የመሰለ ዝቃጭ ይፈጥራል። በተለመደው አያያዝ ቤንዚን ከ3 እስከ 6 ወር፣ ናፍጣ ከ6 እስከ 12 ወር ገደማ ይቆያል ይባላል፤ ሙቀት ሲበዛ ግን ጊዜው ያጥራል።

ጉዳቱ ጎልቶ የሚታየው ካርቡሬተር (ነዳጅና አየር ቀላቅሎ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ ክፍል) ባላቸው ትናንሽ ሞተሮች ላይ ነው። በካርቡሬተሩ ጎድጓዳ ክፍል ውስጥ የሚቀረው ነዳጅ እጅግ ጥቂት ነው፤ ክፍሉም አየር ስለሚያገኝ፣ በታንኩ ያለው ገና ደህና ሳለ እዚያ ያለው ይበላሻል። እንዲህ ያለ ካርቡሬተር ሲፈታ ከሥሩ ቡናማ፣ አንዳንዴም ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ዝቃጭ ይገኛል፤ ሽታውም የቤንዚን መሆኑ ቀርቶ የቫርኒሽ ሆኗል። ጂግለሩን፣ ማለትም ነዳጅ የሚያልፍበትን ባለ ጠባብ ቀዳዳ ክፍል፣ ወደ ብርሃን አንስተው ቢያዩት ቀዳዳው የለም። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚደፈነው ቀዳዳው ከሁሉ የሚጠበው የሚኒሞው (ሞተሩ ጋዝ ሳይሰጠው በዝግታ ሲሠራ ነዳጅ የሚሰጠው) ጂግለር ስለሆነ፣ ሞተሩ በቾክ (አየሩን ቀንሶ ነዳጁን በሚያበዛው መዝጊያ) ይነሳና ቾኩ ሲመለስ ይጠፋል። ባለቤቱ ይህን ሲያይ ካንዴላ ይቀይራል፤ ካንዴላው ግን ምንም አልሆነም። ከዚህ የከፋው ቀዳዳውን በሽቦ መጎርጎር ነው፤ የቀዳዳው ስፋት በልክ የተሠራ በመሆኑ ጥቂት ከሰፋ ሞተሩ ከዚያ በኋላ ያለ መጠን ነዳጅ ይጠጣል። በማጽጃ ፈሳሽ ዘፍዝፎ በአየር ግፊት መንፋት ይበቃል። ይህ ሁሉ እንዳይመጣ ደግሞ፣ ሞተሩ ከመቆሙ በፊት የነዳጅ መዝጊያውን ዘግቶ ራሱ እስኪጠፋ ማሠራትና በጎድጓዳው ክፍል የቀረችውን ማንጠብ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። ታንክ መሙላት ለዚህ ክፍል አንዳች አይፈይድም።

ቤንዚኑ ኢታኖል (አልኮል) የተቀላቀለበት ከሆነ ጥንቃቄው ይጨምራል። ኢታኖል ውሃ ይስባል፤ ውሃው ከልክ ሲያልፍም ሁለቱ ተያይዘው ከቤንዚኑ ይለዩና ወደ ታች ይዘቅጣሉ፤ ፓምፑ የሚስበውም ከዚያው ከታች ነው።

የናፍጣ ችግር ሌላ ነው። ከታንኩ ሥር በተጠራቀመው ውሃና በናፍጣው መካከል ባክቴሪያና ፈንገስ ይራባሉ፤ ጥቁር፣ የሚያሟልጭ አተላ ሆነውም ፊልትሮውን ይደፍናሉ። ታንኩን ሳያጥቡ ፊልትሮ ደጋግሞ መቀየር ገንዘብ ማባከን ነው። ናፍጣውን በግፊት የሚልከው የኢንጀክሽን ፓምፕ ክፍሎች የሚለሰልሱት በራሱ በናፍጣው ሲሆን፣ በመካከላቸው ያለው ክፍተት በሺኛ ሚሊሜትር የሚለካ በመሆኑ፣ ውሃ ያመጣው ጥቂት ዝገት ውድ ጥገና ያስከትላል።

በመጠባበቂያ ጄኔሬተሮች ላይ የማየው ልማድ በተለይ ያሳስበኛል። በየሳምንቱ ያለ ጭነት ለ5 ደቂቃ አስነስቶ ማጥፋት እንደ ጥገና ይቆጠራል። ሞተሩ በቅጡ ሳይሞቅ ስለሚጠፋ ያልተቃጠለ ናፍጣ በጭስ ማውጫው ይከማቻል፤ የሚፈጀው ነዳጅ ከቁጥር ስለማይገባም በታንኩ ያለው ዓመታት ያስቆጥራል። ኤንኤፍፒኤ 110 የተባለው የአሜሪካ ደረጃ የናፍጣ ጄኔሬተር በወር አንድ ጊዜ፣ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ፣ ከአቅሙ ቢያንስ 30 በመቶ በሚሆን ጭነት እንዲሠራ የሚጠይቀው በከንቱ አይደለም። ነዳጁ የተቀዳበትን ቀንም ከሞተሩ የሥራ ሰዓት ጎን መመዝገብ ምንም ወጪ የለውም።

የነዳጅ ማቆያ ኬሚካል የሚሠራው በትኩስ ነዳጅ ላይ ከተጨመረና ሞተሩ ጥቂት ሠርቶ ድብልቁ እስከ ካርቡሬተሩ ወይም ነዳጁን ወደ ሞተሩ እስከሚረጨው ኢንጀክተር ከደረሰ ብቻ ነው፤ የተበላሸውን አይመልስም። ስለዚህ ብዙ ወራት የቆመ ሞተር ያለው ሰው ቁልፍ ከማዞሩ በፊት ከታንኩ ሥር ጥቂት ነዳጅ በጠርሙስ ቀድቶ ይመልከት። ጠቁሮ ወይም ከሥሩ ውሃ ይዞ ከተገኘ፣ አሮጌው ሳይወጣ ሞተሩን ለማስነሳት ደጋግሞ መሞከር ዝቃጩን ወደ ኢንጀክተሩ መግፋት ይሆናል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሞተር ጥገና ባለሙያ