እህቴ በሥራና በሜዲኬይድ መካከል እንድትመርጥ ልትገደድ አይገባም፦ ግልጽ ደብዳቤ ለሶሻል ሴኩሪቲ አስተዳደር

ክቡር ኮሚሽነር፣

የምጽፍልዎት ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ታናሽ እህቴ በዊልቸር ነው የምትንቀሳቀሰው። ኤስ ኤስ አይ፣ ማለትም መሥሪያ ቤትዎ ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ አካል ጉዳተኞችና አረጋውያን በየወሩ የሚከፍለውን ገንዘብ፣ እና ሜዲኬይድ የሚባለውን የመንግሥት የጤና ሽፋን ታገኛለች። የዛሬ ሁለት ዓመት አንድ መድኃኒት ቤት የግማሽ ቀን ሥራ አገኘች። ሦስት ቀን አሰበችበትና ተወችው።

ደመወዙ አንሷት አይደለም። «ሥራ የያዝሽ ቀን ሜዲኬይድሽ ይቋረጣል» ተብላ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣም፣ ቡና ስንጠጣም የሚወራው ይሄው ነው። እናታችንም «ተይው ልጄ፣ ይቅርብሽ» ብላ ለመነቻት።

እንዴት አትፈራ? የአሠሪ ኢንሹራንስ ብታገኝ እንኳ የሚከፍለው ለሐኪምና ለመድኃኒት ነው። ጠዋት ከአልጋ አንስታ፣ አጥባ፣ አልብሳ ዊልቸር ላይ የምታስቀምጣትን ረዳት አብዛኛውን ጊዜ አይሸፍንም። ለረዳቷ የሚከፍለው ሜዲኬይድ ነው። ረዳቷ ካልመጣች እህቴ ከቤት አትወጣም።

ሕጉ ግን ይህን አስቦበታል። 1619 ቢ የሚባለው ድንጋጌ እ.ኤ.አ. በ1986 በወጣ ሕግ ቋሚ ሆኗል። ደመወዝ አድጎ የኤስ ኤስ አይ ክፍያ ቢቆምም፣ አካል ጉዳቱ እስካለ፣ ሰውየው ለመሥራት ሜዲኬይድ እስካስፈለገውና ገቢው ለስቴቱ ከተቀመጠው ጣሪያ እስካላለፈ ድረስ ሽፋኑ ይቀጥላል። የሕክምና ወጪው ከባድ ለሆነ ሰው ጣሪያው ለብቻው ሊሰላለት ይችላል። የሚቆጠር ንብረቱ ከ2,000 ዶላር እንዳይበልጥ የሚለው ገደብ ግን አለ። እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ አልተነካም፤ እሱ የኮንግረስ ጉዳይ ስለሆነ ለሌላ ቀን ላቆየው።

እህቴ እኮ ክፍያው እስኪቆም እንኳ አትደርስም ነበር። ሌላ ገቢ የሌለው ሰው በወር 885 ዶላር ደመወዝ ቢያገኝ፣ መጀመሪያ 85 ዶላር አይቆጠርበትም። ከቀረው ግማሹ፣ 400 ዶላር፣ ከኤስ ኤስ አይው ይቀነሳል። በቃ። ይህን ስሌት ወረቀት ላይ ጽፌ ሳሳያት አለቀሰች። ሁለት ዓመት ቤት ተቀምጣለች።

አስተርጓሚ በነጻ እንደምታቀርቡ አውቃለሁ፤ እናመሰግናለን። ሰው ግን አስተርጓሚ የሚጠራው የሚጠይቀውን ሲያውቅ ነው። ስለዚህ የምለምንዎት አንድ ነገር ነው። ኤስ ኤስ አይ ሲፈቀድ፣ ከዚያም ሰው ደመወዝ ጀመርኩ ብሎ ሲያስታውቅ፣ በሚላክለት ደብዳቤ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ሜዲኬይዱ እንዴት እንደሚቀጥል ይጻፍለት። አማርኛ ለሚያነብ በአማርኛ፣ በቀላል ቋንቋ።

እህቴ በዚህ ሳምንት ሌላ ቦታ አመልክታለች። ከተቀጠረች የመጀመሪያ የደመወዝ ወረቀቷን ይዛ ወደ እናንተ ትመጣለች።

ከአክብሮት ጋር፣
ወንድሟ