ለመወሰን ጊዜ ለሰጣችሁኝ ሁሉ

ውድ ወዳጆቼ፣ ጎረቤቶቼ፣ የድሬ ልጆች፤

የጨረር ሕክምናዬን ጨርሼ ቤቴ ገብቻለሁ። ከዚያ በኋላ የተሠራው የደም ምርመራም ቁጥሩ መውረዱን አሳይቷል። እግዚአብሔር ይመስገን! ስትደውሉልኝ፣ ስትጠይቁኝ፣ በየእምነታችሁ ስትጸልዩልኝ ለከረማችሁ ሁሉ ቤት ለቤት ዞሬ ማመስገን ብችል ደስ ባለኝ። አቅሜ ገና ስላልተመለሰ በጽሑፍ ይሁንልኝ።

ሕመሜን በስሙ ልጥራው፤ የፕሮስቴት ካንሰር ነው። ፕሮስቴት ከሽንት ፊኛ ሥር ያለ የወንድ ዕጢ ነው። እኛ ወንዶች በርጫ ላይ ስለ ኳሱም ስለ ኑሮውም ስናወራ እናመሻለን። ሽንት አልወርድ ሲለን ግን ለሚስታችን እንኳን ትንፍሽ አንልም። የማመሰግናችሁ ምን ስላደረጋችሁልኝ እንደሆነ እንዲታወቅ ነገሩን ሳልደብቅ እነግራችኋለሁ።

ቀዶ ጥገናው የተደረገልኝ አዲስ አበባ ነው። ፕሮስቴቱ ሙሉ በሙሉ ወጣ። ለቀዶ ሐኪሙና ለነርሶቹ ምስጋናዬ ከልብ ነው፤ እጃቸው ይባረክ። በኋላ የፓቶሎጂው፣ ማለትም የወጣው ዕጢ በላቦራቶሪ የተመረመረበት ውጤት ሲመጣ ግን ካንሰሩ ከዕጢው ሽፋን ጥቂት አልፎ ተገኘ። የተቆረጠው ጠርዝ ላይም ነበር። በሌላ በኩል ፒኤስኤ የሚባለው፣ ከፕሮስቴት የሚወጣውን ፕሮቲን በደም ውስጥ የሚለካው ምርመራ ከ0.1 በታች፣ ማለትም የለም በሚባልበት ደረጃ ላይ ነበር። ወረቀቱ "ቀርቶ ሊሆን ይችላል" ይላል፣ ደሙ "የለም" ይላል። ታዲያ ጨረር ልውሰድ ወይስ ልጠብቅ?

አንድ ሐኪም "ቶሎ ጨረር ይጀምሩ" አሉኝ። ለምን ብዬ ስጠይቅ ቀና ብለው እንኳን ሳያዩኝ ቀጣዩን በሽተኛ አስጠሩ። ቤት ውስጥ ደግሞ ልጆቼ ለሁለት ተከፈሉ። ትልቁ "አባዬ፣ ዛሬውኑ ይጀመር" ይላል። ታናሽየዋ "መጀመሪያ ይዳን እንጂ!" ትላለች። ሁለቱም ስለሚወዱኝ ነው የተጣሉት፣ ይገባኛል። ባለቤቴ ናት "ሰውነቱ የእሱ ነው፣ እሱ ይወስን፤ እኛ የወሰነውን እንደግፍ" ብላ ቤቱን ያረጋጋችው። አንቺ ባትኖሪ ምን እሆን እንደነበር አላውቅም።

ያን ጊዜ ሽንቴን መቆጣጠር ገና አልቻልኩም ነበር። ስስል ያመልጠኛል፣ ስነሳ ያመልጠኛል። የአዋቂ ዳይፐር መግዛት ነበረብኝ፤ በምድር ባቡር ዕድሜዬን ሙሉ ስሠራ የማያውቀኝ የለም። ከዚራ ሰፈር አንድ ፋርማሲ ገባሁና ሰው እስኪወጣ ጥግ ይዤ ቆምኩ። እዚያ የምትሠራው ልጅ ገባት። ምንም ሳትጠይቀኝ ዳይፐሩን የዱቄት ወተት ካርቶን ውስጥ ከታ፣ በፕላስተር አሽጋ፣ "አባባ፣ ሲያልቅብዎት ይደውሉልኝ፣ በባጃጅ እልከዋለሁ" አለችኝ። እንዳለችውም አደረገች። ልጄ፣ አንቺ የሰጠሽኝ ክብሬን ነው። ቃል የለኝም።

ውሳኔውን እንድወስን የረዳችኝ ግን በዕድሜ ልጄ የምትሆን የካንሰር ሐኪም ናት። ወንበሯን ከጠረጴዛው ጀርባ አውጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። የላቦራቶሪው ወረቀት ጀርባ ላይ የሽንት ፊኛውን፣ ፕሮስቴቱ የነበረበትን ቦታና አንጀቱን በእስክሪብቶ ሣለችልኝ። ጨረሩ የሚያርፈው እዚህ ነው፣ እነዚህ ሁለቱ ደግሞ ጎረቤቶች ናቸው አለችኝ። ፕሮስቴቱ ወጥቶ ሳለ ፒኤስኤ መታየት ከጀመረና ከጨመረ፣ የሆነ ቦታ የቀረ ሴል አለ ማለት እንደሆነም አስረዳችኝ።

ቀጥላም በፈረንጆቹ 2020 ስለታተመ ራዲካልስ ስለሚባል ጥናት ነገረችኝ። ከብሪታንያ፣ ከዴንማርክ፣ ከካናዳና ከአየርላንድ የመጡ 1,396 ወንዶች ተሳትፈውበታል። ግማሾቹ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ወዲያው ጨረር እንዲወስዱ ተመደቡ። ሌሎቹ ደማቸውን እየተመረመሩ ጠብቀው፣ ቁጥሩ ከጨመረ ብቻ እንዲወስዱ ተደረገ። በ5 ዓመት ውስጥ ካንሰሩ ሳይመለስባቸው የቆዩት ከሁለቱም ወገን ተቀራራቢ ሆኑ። ከጠበቁት ውስጥ በጥናቱ ጊዜ ጨረር ያስፈለጋቸው ሲሶ ያህሉ ናቸው። ወዲያው የወሰዱት ደግሞ በሽንት ማምለጥ የበለጠ ተቸገሩ። እኔ ያንን ችግር አውቀዋለሁ፤ ቁጥር ብቻ አልነበረም ለእኔ።

"ግን መጠበቅ መርሳት አይደለም" አለችኝ። በየሦስት ወሩ ምርመራ፣ በተቻለ መጠን በአንድ ላቦራቶሪ፤ ምክንያቱም ማሽንና ማሽን ይለያያል። ካንሰሩ የዘር ፈሳሽ ከረጢት የገባበት፣ ንፍፊት የደረሰበት ወይም የካንሰሩን ኃይለኛነት የሚያሳየው የግሊሰን ነጥቡ 8 እና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው የእኔን መንገድ ዝም ብሎ እንዳይከተል እንድነግር ጭምር አደራ ብላኛለች። ይኸው ነገርኩ።

ጠበቅሁ። ይህንን ውሳኔ ዛሬም እወደዋለሁ። እስከዚያ ድረስ የዳሌ ጡንቻ ስፖርቱን ሠራሁ፣ ሽንቴን መቆጣጠር ቻልኩ፣ የልጄን ሠርግ ያለ ዳይፐር ጨፈርኩ። የደም ምርመራው ቀን በመጣ ቁጥር ፍርሃት አለ፣ አይካድም። ያን ቀን ጎረቤታችን ሐጂ ሁሌ አብረውኝ ይሄዳሉ። ምንም አይሉኝም። ውጤቱ እስኪመጣ አጠገቤ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ፣ ከዚያ ቤታቸው ወስደው ሆጃ ያስጠጡኛል። ሐጂ፣ አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

በኋላ ቁጥሩ 0.1 ሆነ። ደግሞ 0.2 አለ። ለሐኪሟ ደወልኩላት። "አሁን ነው ጊዜው፤ ጨረር የበለጠ የሚሠራው ቁጥሩ ገና ዝቅ ሳለ፣ 0.5 ሳይደርስ ነው" አለችኝ። በዚህኛው ውሳኔ ቤት ውስጥ የተከራከረ አልነበረም፤ ሁላችንም ምን እየጠበቅን እንደነበር እናውቅ ነበርና።

ጨረሩ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ለሳምንታት ነው። አዲስ አበባ ያስጠጋችኝ የባለቤቴ እህት ናት። ለሽንት ቤቱ ቅርብ ነው ብላ እሷና ባሏ የራሳቸውን መኝታ ቤት ለቀው ሰጡኝ። እህቴ ሆይ፣ ሌሊት ስነሳ ኮሪደሩ ላይ መብራቱን አብርተሽ የምትተይውን አይቻለሁ።

ከጨረሩ በፊት ውሃ ጠጥቶ ፊኛን መሙላት ግዴታ ነው፤ የሞላ ፊኛ አንጀቱን ከጨረሩ ገፋ ያደርገዋል። እና ወንዶች ሁሉ ኮሪደሩ ላይ ሃይላንድ ይዘን፣ እግራችንን አጥብቀን ተደርድረናል። አጠገቤ ከጅግጅጋ የመጡ አባት ነበሩ። በሶማልኛ ስናወራ የሁለታችንም ጭንቀት ይቀላል። የማሽኑ ባለሙያዎች "አባባ፣ ጨርሰናል" ሲሉኝ በየቀኑ በፈገግታ ነው። ለዓመታት በአገራችን ጨረር የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ብቻ በነበረበት ጊዜ ከምሥራቅ ተነስተው ወረፋ የጠበቁ ወገኖቼን እዚያ ሆኜ ብዙ አስቤያለሁ።

ድካሙ አሁንም አለ፤ ሽንት ቤትም ቶሎ ቶሎ እሄዳለሁ። ይሻላል ብለውኛል። የደም ምርመራውም ይቀጥላል።

አብራችሁኝ ለሠራችሁ የምድር ባቡር ጓደኞቼ፣ ለትራንስፖርት አዋጥታችሁ ፖስታውን ትራሴ ሥር አስቀምጣችሁ ለሄዳችሁ፣ ማን ስንት እንዳዋጣ አልነገራችሁኝም። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ።

እንደ እኔ ወረቀት ይዞ የተጨነቀ ወንድም ካለ ከአሥር ሰዓት በኋላ ከዚራ አይጠፋኝም። ይምጣ፣ እናውራ። ሐኪሙን ምን ብሎ እንደሚጠይቅ አብረን እንጽፋለን። ፋርማሲ መግባት ያሳፈረውም ካለ ይንገረኝ፣ እኔ ገብቼ እገዛለታለሁ።

አክባሪያችሁ፣
ጡረተኛው የምድር ባቡር ሠራተኛ
ድሬዳዋ