ሊዝበን ከመግባታችን በፊት

ውድ አባላት፣ ጤና ይስጥልኝ።

ካለፈው ጉዞ ያመጣናቸውን ፎቶዎች ደግሜ አየኋቸው። ሐውልት፣ ድልድይ፣ ካቴድራል። ያማሩ ናቸው፣ ግን ከተማው ውስጥ ማን እንደሚኖር አይናገሩም። በሊዝበን ይህን እንድናስተካክል ከልቤ እፈልጋለሁ።

አልፋማን በእግር እንዞራለን። ሰፈሩ እ.ኤ.አ. በ1755 ከደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ በአብዛኛው ስለተረፈ ጠባብ መተላለፊያዎቹና ደረጃዎቹ ዛሬም አሉ። 28 ቁጥር ትራምን መቼም ሁሉም ሰው ያነሳዋል። እናንተ ግን ትራሙ እስኪያልፍ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ የሚጠብቀውን መንገደኛ ፈልጉ፤ የመንገዱን ጥበት የሚያሳየው እሱ ነው። ፈረንሳዊው ፎቶ አንሺ ካርቲዬ ብሬሶን እ.ኤ.አ. በ1932 ከፓሪሱ ሴን ላዛር ባቡር ጣቢያ ጀርባ በአጥር ክፍተት አሾልኮ ያነሳው አንድ ኩሬ የሚዘል ሰው ነው፤ ጣቢያው ከኋላ ደብዝዞ ይታያል፣ ፓሪስ ግን ሙሉ በሙሉ እዚያ አለች።

ስለ ብርሃን አንድ ነገር ልብ በሉ። የእግረኛ መንገዱ ነጭ ድንጋይ ፀሐይን ከታች ወደ ላይ ስለሚያንጸባርቅ የፊት ጥላ ይለሰልሳል። ካሜራው ግን በንጣቱ ተታሎ ፎቶውን ያጨልመዋል፤ ኤክስፖዠሩን (ካሜራው የሚቀበለውን የብርሃን መጠን) ትንሽ ከፍ አድርጉት። 35 ሚሊ ሜትር ሌንስ ይበቃል።

በመስኮቷ ልብስ የምታሰጣ እናት ካያችሁ መጀመሪያ ሰላም በሏት። አታንሱኝ ብላ እጇን ካወዛወዘች ካሜራውን ዝቅ አድርጉና እለፉ። ልጆችን ያለ ወላጅ ፈቃድ አናነሳም፤ በዚህ አልደራደርም።

መገናኛችን ሳንታ ሉዚያ የከተማ ማያው ሰገነት ላይ፣ ጠዋት ፀሐይ ሳትበረታ ነው። ማታ እያንዳንዳችሁ አምስት ፎቶ ብቻ መርጣችሁ አምጡ።