የኒካህ ሚስት በሕግ ፊት ማን ናት? ለብሪታንያ የፍትሕ ሚኒስትር ግልጽ ደብዳቤ

ለሎርድ ቻንስለርና ለፍትሕ ሚኒስትር
ለንደን

ክቡር ሆይ፣

ይህን በአማርኛ የጻፍኩት አውቄ ነው። እርስዎ አስተርጓሚ አያጡም። ጉዳዩ የኛንም ሰው ስለሚነካ እሱም እንዲያነበው እፈልጋለሁ። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።

ሸሪዓ በእንግሊዝ ሕግ ውስጥ ቦታ ይኑረው ወይ የሚለው ጭቅጭቅ በየጊዜው ይነሳል። በ2008 የያኔው የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ ሮዋን ዊሊያምስ፣ የሸሪዓን አንዳንድ ነገር መቀበል የማይቀር ይመስላል ብለው አገሩ ተንጫጫ። አንዱ ወገን «የእንግሊዝ ሕግ አንድ ነው!» ይላል። ሌላው «የሃይማኖት ነፃነትስ?» ይላል። ከዚያ ሁሉም ወደ ቤቱ ይገባል።

«የሃይማኖት ሕግ እዚህ ቦታ የለውም» ሲባል ግን ፈገግ እላለሁ። 26 ጳጳሳት በሎርዶች ምክር ቤት ተቀምጠው ሕግ ያወጣሉ። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የምታወጣቸው ደንቦች ፓርላማው ካጸደቃቸው ከ1919 ጀምሮ የአገር ሕግ ናቸው። እስከ 1857 ድረስ የጋብቻም የኑዛዜም ክርክር የሚታየው በቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤት ነበር። አይሁዶችና ኩዌከር የሚባሉት የፕሮቴስታንት ወገኖች ደግሞ ከ1753 ጀምሮ በጋብቻ ሕጉ ውስጥ የራሳቸው መንገድ አላቸው። ስለዚህ ጥያቄው ሃይማኖት ይግባ አይግባ አይደለም። ገብቷል። የኔ ጥያቄ በሃይማኖት ብቻ ተጋብታ ከሕጉ ውጪ ስለቀረችው ሴት ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ በኒካህ ወይም በተክሊል የተጋባ ሰው በሕግ ፊት ባለትዳር ነው። በ2000 የወጣው የቤተሰብ ሕግ ሦስት ዓይነት ጋብቻ ያውቃል፤ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት እና በባህል። የኛ ሰው ይህን ልማድ ይዞ ለንደን ይመጣል። ሼኹ ወይም ቄሱ ካጋቡት፣ አበቃ፣ ተጋብቷል። በአስተርጓሚነት ስሠራ «ካውንስል፣ ማለት የአካባቢሽ ማዘጋጃ ቤት፣ ሄደሽ ፈርመሻል?» ስትባል «ምን ልፈርም? አግብቼ የለም እንዴ!» ያለች ሴት ገጥማኛለች። እንዴት ብዬ ላስረዳት?

ነገሩ ግራ የሚያጋባ ነውና። አዲስ አበባ ላይ ኒካህ ያሰረች ሴት ለንደን ስትመጣ ሕጋችሁ ሚስት ይላታል። እህቷ ለንደን ውስጥ፣ ባልተመዘገበ መስጊድ ወይም በዘመድ ሳሎን ኒካህ ብታስር ግን በሕጋችሁ ማንም አይደለችም። ለጋብቻ ባልተመዘገበ ቤተ ክርስቲያን በተክሊል የተጋባችውም እንደዚያው ናት። ይህ የሙስሊም ጉዳይ ብቻ የሚመስለው የኛ ኦርቶዶክስ ካለ ቆም ብሎ ያስብበት።

የምዕራብ ለንደኑን የሳውዝሆል ጉዳይ ያውቁታል። ጥንዶቹ በ1998 በአንድ ሬስቶራንት ኒካህ አሰሩ። 18 ዓመት ገደማ አብረው ኖሩ፤ አራት ልጆች ወለዱ። ሚስት በሕግም እንፈራረም ስትል ባል ነገ ዛሬ እያለ ቆየ። ሲለያዩ በ2018 የመጀመሪያው ዳኛ ጋብቻው ፈራሽ ነው አሉ። ፈራሽ መባሉ ጠቅሟታል፤ በፈረሰ ጋብቻ ንብረት መጠየቅ ይቻላልና። በ2020 ይግባኝ ሰሚው ያንን ሻረው፤ ሲጀመርም በሕግ ጋብቻ የሚባል ነገር አልነበረም አለ። ፍርዱ እንደ ሕጉ ትክክል ሊሆን ይችላል። ሕጉ ነው ችግሩ።

የሸሪዓን አሠራር በእንግሊዝ የመረመረው፣ በፕሮፌሰር ሞና ሲዲቂ የተመራው ገለልተኛ ኮሚቴ በ2018 ያወጣው ሪፖርት ይህንኑ አሳይቷል። የፍርድ ቤት ሥልጣን ሳይኖራቸው ሃይማኖታዊ ፍቺ ወደሚሰጡት የሼኾች ጉባኤዎች፣ ሸሪዓ ካውንስሎች ወደሚባሉት፣ ከሚሄዱት ከ90 በመቶ በላይ ሴቶች ናቸው፤ የሚሄዱትም ለፍቺ ነው። ባል «ፈትቼሻለሁ» ብሎ መውጣት ይችላል፤ ሚስት ግን የሚፈታት አካል ትፈልጋለች። የሲቪል ጋብቻ ከሌላት የእናንተ ፍርድ ቤት ስለማያውቃት የቀራት በር ካውንስሉ ብቻ ነው። እዚያ ያሉት ሼኾች ደግ ከሆኑ እሰየው። ካልሆኑስ?

ታዲያ ካውንስሎቹን ፍርድ ቤት እናድርጋቸው? በፍጹም። ግሪክን ይዩ። ምዕራብ ትሬስ በምትባለው የሰሜን ምሥራቅ ግሪክ ክፍል፣ ከቱርክ ጋር በ1923 በተደረገው የሎዛን ስምምነት ዘመን የተተከለ፣ የሙስሊሞችን የቤተሰብና የውርስ ጉዳይ በሸሪዓ የሚዳኝ አሠራር ነበር። አንድ ሙስሊም ባል በግሪክ ሕግ መሠረት ያለውን ሁሉ ለሚስቱ ተናዘዘ። ሲሞት ፍርድ ቤቶቹ በሸሪዓ ውርስ ነው የምትዳኚው ብለው ሦስት አራተኛውን አሳጧት። የአውሮፓ ሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት በ2018 መድልዎ ነው ብሎ ፈረደላት። ሟቹም ሚስቱም የፈለጉትን ማንም አልጠየቃቸውም።

እኛ ጋ ሕገ መንግሥቱ ሸሪዓ ፍርድ ቤት የሚዳኘው ተከራካሪዎች ሲፈቅዱ ብቻ ነው ይላል። ጥሩ አንቀጽ ነው። ሆኖም አንዲት ሴት በውርስ ቤት ክርክር አልዳኝም ብላ ተቃውማ እያለ ሸሪዓ ፍርድ ቤቱ ፈረደባት፤ ሰበር ችሎት ድረስም ሰሚ አጣች። በ2004 ነው ፌዴሬሽን ምክር ቤት ውሳኔውን የሻረላት። «በፈቃድ» የሚል ቃል ወረቀት ላይ ስለሰፈረ ብቻ ፈቃድ አይገኝም። ባሏ፣ አማቷና ሰፈሩ ከበዋት የፈቀደች ሴት ፈቅዳለች አልልም።

ካውንስሎቹን መዝጋትም አይረባም። ጓዳ ይገባሉ፤ ሴቲቱም ተከትላቸው ጓዳ ትገባለች።

የምጠይቅዎ ከዚህ ያነሰና የቀለለ ነው። የሲዲቂ ኮሚቴ ያለውን ያድርጉ፤ ሃይማኖታዊው ጋብቻ ከሲቪሉ ጋር ወይም ከሱ በኋላ ይሁን፤ ይህን ሳያረጋግጥ የሚያጋባ ሰው ይቀጣ። ሕግ እንዲሻሻል ሐሳብ የሚያቀርበው የሕግ ኮሚሽንም በ2022 ከሕንፃው ይልቅ አጋቢው ላይ ቁጥጥር ይሁን ብሏል። ሼኹም ቄሱም ፈቃድ ይኑራቸው፤ ጋብቻውም ያኔውኑ ሕጋዊ ይሁን።

ሁለተኛውን ጥያቄዬን ለመፈጸም ደግሞ ሥልጣኑ በእጅዎ ነው። በ2002 የወጣ ሕግ አለ። የአይሁድ ባል ለሚስቱ ሃይማኖታዊውን ፍቺ፣ ጌት የሚሉትን፣ ካልሰጠ ዳኛው የሲቪል ፍቺውን የመጨረሻ ውሳኔ ማቆየት ይችላል። መንግሥት ሃይማኖቱን አልዳኘም፤ የራሱን ፊርማ ብቻ ያዘ። ጎበዝ ሕግ ነው። ሎርድ ቻንስለሩ ለሌሎች ሃይማኖቶችም እንዲያሰፋው እዚያው ተጽፏል። ለሙስሊም ሴቶችም ያስፉት። ግን ይህ የሚሠራው የሲቪል ጋብቻ ላላት ሴት ብቻ ስለሆነ የመጀመሪያው ይቅደም።

ሕግ እስኪወጣ ደግሞ አንድ ገጽ ማስታወቂያ በአማርኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማልኛ፣ በኡርዱ አሳትመው ለጋብቻ ባልተመዘገበ መስጊድና ቤተ ክርስቲያን ሁሉ ያስለጥፉ። «እዚህ የተፈጸመው ጋብቻ በሕግ አልተመዘገበም፤ የአካባቢያችሁ ማዘጋጃ ቤት ካውንስል ሄዳችሁ ፈርሙ» ይበል። ለዚህ የፓርላማ ድምፅ አያስፈልግም።

ከአክብሮት ጋር፣
በለንደን ነዋሪ የሆነ ኢትዮጵያዊ አስተርጓሚ