የክፍል አለቃውን ስለማንሳታችን ለወላጆች የተላከ ደብዳቤ

ውድ ወላጆች፣

የእንቁጣጣሽ ዝግጅታችን በታሰበው ቀን ይካሄዳል፤ ልጆቹ ልምምድ ጀምረዋል። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት ግን ለሌላ ጉዳይ ነው።

ባለፈው የአማርኛ ፈተና ሦስት ልጆች ሲኮራረጁ ተይዘዋል። ፈተናውን ይደግማሉ፤ በዚህ ማንም ቅር አላለውም። ስልኬ ሰሞኑን ያላረፈው በክፍል አለቃው ምክንያት ነው። ልጁ አልኮረጀም። ሊኮራረጁ እንደሆነ ግን ቀድሞ ያውቅ ነበር፤ ራሱ ነግሮናል። ስለዚህ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ከአለቃነት አንስተነዋል።

«ያልኮረጀ ልጅ እንዴት ይቀጣል?» ትሉኛላችሁ። እዚህ ሜልበርን ያደጉ ልጆቻችሁ መልሱን ያውቁታል። ክፍል ውስጥ ስንነጋገር የስቲቭ ስሚዝን ስም ያነሱት እነሱ ናቸው። ስሚዝ የአውስትራሊያ ክሪኬት ቡድን አምበል ነበር። በማርች 2018 ኬፕታውን ላይ ከደቡብ አፍሪካ ጋር ሲጫወቱ፣ ካሜሮን ባንክሮፍት ኳሱን በብርጭቆ ወረቀት ሲፈገፍግ ካሜራ ያዘው። አንድ ጎኑ የሻከረ ኳስ አየር ላይ ስለሚታጠፍ በዱላ ለሚመታው ተጫዋች ያስቸግራል። ሐሳቡ የምክትሉ የዴቪድ ዋርነር ነበር። ስሚዝ ኳሱን አልነካም። የሆነ ነገር እየተመከረ መሆኑን ግን አውቆ፣ እንዳላወቀ አለፈ። ባንክሮፍት 9 ወር ታገደ። አምበሉ ግን 12 ወር! በዚያ ላይ ለተጨማሪ አንድ ዓመት ቡድን እንዳይመራ ተከለከለ።

«እሱ ጎልማሳ ነው፣ የኛ ገና ልጅ ነው» ለምትሉኝ፣ ልክ ናችሁ። ለዚህም ነው ከትምህርት ያላገድነው፣ ከበዓሉም ያላስቀረነው። የወሰድንበት አለቃነቱን ብቻ ነው።

«ታዲያ ጓደኞቹን ያሳብቅ ነበር?» የሚልም አይጠፋም። ማሳበቅ ማን ጠየቀው? «ተዉ» ቢላቸው ይበቃ ነበር። ይሰሙታል እኮ፤ አለቃ አድርገው የመረጡት እነሱ ናቸው።

ሞራሉ ይሰበራል ብላችሁ ለሰጋችሁ ደግሞ፦ ስሚዝ ሲድኒ አየር ማረፊያ አባቱ ከኋላው ቆመው በአደባባይ አልቅሷል። በ2019 ወደ ቴስት ክሪኬት፣ ማለትም አገሮች እስከ አምስት ቀን ወደሚገጥሙበት ጨዋታ ሲመለስ፣ በርሚንግሃም ላይ ተመልካቹ እየጮኸበት በአንድ ጨዋታ፣ በሁለቱ የመምታት ተራው 144 እና 142 ነጥብ አስቆጠረ። በ2021 መጨረሻም አዲሱ አምበል ፓት ከሚንስ ሲጎድል፣ አዴላይድ ላይ ቡድኑን እንደገና መርቷል። የኛም ልጅ በሚመጣው ዓመት መወዳደር ይችላል። ቢመረጥ ደስታዬ ነው።

ልጃችንን እናስወጣለን ያላችሁኝ አላችሁ። ከልቤ አዝናለሁ፤ ውሳኔው ግን አይለወጥም። ቅዳሜ ትምህርት እንዳለቀ ቢሮ አለሁ። ስትመጡ ልጆቹንም ይዛችሁ ኑ።

ከአክብሮት ጋር፣
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር