ዳርቻው አምሯል፤ ውሃውስ?

ይድረስ ለተከበረው የዝግጅት ክፍል፤

የከተማ ወንዞችን መልሶ ስለማልማት የምታወጧቸውን ዘገባዎች በትኩረት እከታተላለሁ፤ ለጉዳዩ ሰፊ ቦታ መስጠታችሁም የሚያስመሰግን ነው። ሆኖም ዘገባዎቹ በአብዛኛው የሚያሳዩን የእግረኛ መንገዱን፣ ድልድዩን፣ አዲስ የተተከለውን ሣርና የማታ መብራቱን ሲሆን፣ በመካከል ስለሚፈሰው ውሃ የሚነግሩን እጅግ ጥቂት ነው። የአንድ ወንዝ መታደስ መመዘን ያለበት በቅድሚያ በውሃው ነው ብዬ ስለማምን ይህን ደብዳቤ ጽፌአለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወንዝ የሚሞተው ከዓይን በተሰወረ መንገድ ነው። ከመጸዳጃ ቤትና ከፋብሪካ የሚለቀቀውን ፍሳሽ ባክቴሪያዎች ሲያብላሉት በውሃው ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን ይጨርሱታል፤ ኦክስጅኑ ሲያልቅ ዓሣው ይሞታል፣ ከዚያም ያለ ኦክስጅን መኖር የሚችሉ ሌሎች ባክቴሪያዎች ሥራውን ይረከቡና የበሰበሰ እንቁላል የሚመስለው ሽታ ይመጣል። በ1858 የቴምዝ ወንዝ ሽታ የለንደንን ፓርላማ መቀመጫ ባሳጣው ጊዜ፣ መሐንዲሱ ጆሴፍ ባዛልጌት ከተማዋን የሚያቋርጡ ግዙፍ የፍሳሽ መስመሮች እንዲዘረጋ ገንዘብ ተፈቀደለት። (ሽታው የሕግ አውጪዎቹን አፍንጫ ሲነካ ገንዘቡ ምን ያህል ፈጥኖ እንደተገኘ ልብ ይሏል።) ከእነዚህ መስመሮች አንዱ የተቀበረው ዛሬ ጎብኚዎች በሚንሸራሸሩበት፣ በ1870 በተጠናቀቀው ውብ የወንዝ ዳርቻ መንገድ ሥር ነው። ፍሳሹ ግን ከከተማው ራቀ እንጂ በወጉ አልተጣራም፤ የሕዝቡም ቁጥር እየጨመረ ሄደ። በመሆኑም ያ ያማረ ዳርቻ ከተሠራ ከ80 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1957 ቴምዝ ሕይወት አልባ ወንዝ መሆኑ ተነገረ። ዓሣው የተመለሰው የማጣሪያ ጣቢያዎቹ ከተሻሻሉ በኋላ ነው።

በብዙ የቆዩ ከተሞች ችግሩን የሚያባብሰው የዝናብ ውሃና የቤት ፍሳሽ በአንድ ቱቦ መሄዳቸው ነው። ዝናብ በሌለበት ወቅት ሁሉም ወደ ማጣሪያ ጣቢያው ይደርሳል፤ ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል ግን ቱቦው ከአቅሙ በላይ ስለሚሞላ፣ ፍሳሹ ወደየቤቱ ተመልሶ እንዳይገነፍል ሲባል ትርፉ በቀጥታ ወደ ወንዙ ይለቀቃል። ቱቦዎቹ በተለያዩባቸው ከተሞችም ቢሆን የመጸዳጃ ቤት መስመራቸውን ባለማወቅ ወይም በድብቅ ከዝናብ ውሃ ቦይ ጋር ያገናኙ ሕንፃዎች አይጠፉም። ከ1923 ጀምሮ በሴን ወንዝ መዋኘትን ከልክላ የቆየችው ፓሪስ ለ2024ቱ ኦሊምፒክ ወንዙን ለማጽዳት 1.4 ቢሊዮን ዩሮ ገደማ ስትመድብ፣ ከዋነኞቹ ሥራዎች ብዙዎቹ ማንም ቆሞ ፎቶግራፍ የማይነሣባቸው ነበሩ። ዝናብ ሲያይል ከቱቦው የሚተርፈውን ውሃ እስከ 50,000 ሜትር ኩብ የሚያቁር ግዙፍ ገንዳ ከመሬት በታች ተሠራ፤ በወንዙ ላይ በጀልባ የሚኖሩ ሰዎች ፍሳሻቸውን ከከተማው መስመር ጋር እንዲያገናኙ ተደረገ፤ በስሕተት ወደ ወንዙ የሚፈሱ የቤት መስመሮችም ቤት ለቤት እየተፈለጉ እንዲስተካከሉ ተደረገ። ይህም ሁሉ ተደርጎ፣ ቀደም ብሎ በጣለው ዝናብ ሳቢያ በወንዙ ዋናን ከብስክሌትና ከሩጫ ጋር የሚያጣምረው የወንዶች የትሪያትሎን ውድድር በአንድ ቀን ተራዝሟል። ብዙዎች በዚህ ተሳልቀው ነበር፤ እኔ ግን ክብር የሚገባው ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ምክንያቱም ውድድሩ የተራዘመው የባክቴሪያው መጠን በየዕለቱ ይለካ ስለነበረና ልኬቱን የሚያከብር ስለተገኘ ነው። በ2025 ለሕዝብ ሦስት የመዋኛ ሥፍራዎች በወንዙ ላይ ተከፍተዋል፤ ዝናብ ሲጥል ይዘጋሉ።

ብዙ ጊዜ በምሳሌነት የሚጠቀሰው የሴኡሉ ቾንግየቾን ጉዳይ ሁለት ገጽታ አለው። በአስፋልትና በምሰሶ ላይ በቆመ የመኪና መንገድ ሥር ተቀብሮ የነበረው ይህ ወንዝ፣ ከ2003 እስከ 2005 ባለው ጊዜ መንገዱ ፈርሶ 6 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው ክፍሉ ሲከፈት፣ በሞቃቱ ወራት በአካባቢው ካሉት መንገዶች በጥቂት ዲግሪ የቀዘቀዘ አየርና በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ የሚመላለስበት መናፈሻ አስገኝቷል። ይሁን እንጂ በውስጡ ከሚፈሰው ውሃ አብዛኛው በየቀኑ ከሃን ወንዝ በፓምፕ እየተሳበ የሚመጣ ነው። ለነዋሪው የሰጠው ጥቅም እውነተኛ ነው፤ ወንዝ ታደሰ ለማለት ግን እኔ በበኩሌ እቸገራለሁ። ከዚህ ይልቅ የጀርመኗ ከተማ የሙኒክ ወንዝ ኢዛር ይበልጥ ያሳምነኛል። ከ2000 እስከ 2011 በ8 ኪሎ ሜትር ርዝመት የዳርቻው የኮንክሪት ግንቦች ተነሥተው ወንዙ እንዲሰፋና ጠጠሩን እንደ ልቡ እንዲያንከባልል ሲፈቀድለት፣ የጎርፍ አደጋው ቀነሰ፤ ከከተማዋ በላይ ያሉ የማጣሪያ ጣቢያዎችም የሚለቁትን ውሃ ባክቴሪያን በሚገድል አልትራቫዮሌት ጨረር እንዲያክሙ ስለተደረገ ሕዝቡ ገብቶ ይታጠብበት ጀመር። የሲንጋፖሩ ቢሻን መናፈሻም በ2012 ሲጠናቀቅ፣ 2.7 ኪሎ ሜትር የነበረው ቀጥ ያለ የኮንክሪት ቦይ 3.2 ኪሎ ሜትር ወደሚሆን ጠመዝማዛ ወንዝ ተለውጧል፤ ውሃው ሲሞላ ሣሩን እንዲያጥለቀልቅ የታሰበበት ነው።

የሰውን ጉዳይ ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። በወንዝ ዳር የሚኖሩ ድሆች ወንዙን በመበከል ዘወትር ይወቀሳሉ፤ ቤታቸው ድረስ የፍሳሽ መስመር አለመዘርጋቱ ግን እምብዛም አይነሣም። እነዚህ ነዋሪዎች ተነሥተው መስመር ወደሌለበት ሌላ ገባር ወንዝ ዳር ቢሰፍሩ፣ ብክለቱ ሠፈር ለወጠ እንጂ አልተወገደም። ሲንጋፖር ከ1977 እስከ 1987 ወንዟን ስታጸዳ፣ በዳርቻው የነበሩትን ቤተሰቦች ወደ መንግሥት የጋራ መኖሪያ ቤቶች፣ ምግብ ሻጮቹንም ውሃና ፍሳሽ ወደተሟላላቸው የገበያ አዳራሾች አዛውራለች፤ ሁሉም ደስ ብሏቸው ሄዱ ማለት ባይሆንም፣ ፍሳሻቸው ዳግመኛ ወንዝ እንዳይገባ ተደርጓል። ዳርቻው ሲያምር የቤት ኪራይ የሚንርባቸው ተከራዮች ጉዳይም ሥራው ከመጀመሩ በፊት ሊታሰብበት የሚገባ ነው።

ስለዚህ ዝግጅት ክፍሉን የምጠይቀው ይህን ነው። ስለ አንድ የወንዝ ፕሮጀክት በምትዘግቡበት ጊዜ ከፎቶግራፉ ጎን ጥቂት ቁጥሮች ይውጡ፦ በውሃው ውስጥ የሟሟው ኦክስጅንና ውሃው በዓይነ ምድር መበከሉን የሚያመለክተው የኢ. ኮላይ ባክቴሪያ መጠን ከሥራው በፊትና በኋላ ስንት እንደሆነ፣ ናሙናውን ማን፣ ከየትኛው ቦታ እንደወሰደ፣ የተወሰደውም በደረቅ ቀን ይሁን ዝናብ በጣለ ማግስት ይገለጽ። የፕሮጀክቱን ኃላፊዎችም ስንት ቤቶች ከፍሳሽ መስመር ጋር እንደተገናኙና የተነሡት ነዋሪዎች የት እንደሰፈሩ ጠይቁልን። መልስ ካልተሰጣችሁም፣ አለመሰጠቱን ጻፉት።

ከአክብሮት ጋር
የዘወትር አንባቢያችሁ