ስለ ቄስ ጉዲና ቱምሳ፦ ለረቡዕ ውይይታችን

ውድ የኅብረታችን አባላት፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን።

ረቡዕ ማታ የምንነጋገረው ስለ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ነው። ብዙዎቻችን የምናውቀው አሟሟቱን ብቻ ነው። እኔ ግን አገልግሎቱን በደንብ እንድናይ እፈልጋለሁ።

ቦጂ፣ ወለጋ ተወለደ። መጋቢ ከመሆኑ በፊት ነቀምት ሆስፒታል ውስጥ በሽተኛ ይረዳ ነበር። ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ቁስል አጥቦ፣ ፋሻ ጠቅልሎ ያደገ እጅ ነው በኋላ ቅዱስ ቁርባን ያቀበለው። አሜሪካ ተምሮ ሲመለስ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ሆነ፤ ኑሮውም አዲስ አበባ።

እሱ ዋና ጸሐፊ ሳለ፣ በ1964 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያኒቱ ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን፣ ማለትም ለሉተራን አብያተ ክርስቲያናት ዓለም አቀፍ ኅብረት፣ ደብዳቤ ጻፈች። የውጭ ረጂዎች ለልማት ገንዘብ ሲሰጡ ለወንጌል ሥራ እጃቸው ያጥር ነበር። ደብዳቤው ሰውን ለሁለት አትክፈሉት፣ ሥጋውም ነፍሱም አንድ ላይ ይገለገል ይላል። ያኔ እንዲህ ደፍሮ መናገር ቀላል አልነበረም።

በደርግ ዘመን በተደጋጋሚ ታሰረ። ከአገር የመውጣት ዕድል ሲቀርብለት ምእመናኔን ትቼ አልሄድም አለ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ኡራኤል መካነ ኢየሱስ አስተምሮ ሲወጣ ከባለቤቱ ከወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ጋር የደርግ ሰዎች አፈኑት። እሷ ኋላ ለዓመታት ታሰረች። የእሱ አስከሬን የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው።

እባካችሁ ደብዳቤውን አንብባችሁ ኑ። በዚያ ዘመን ምእመን የነበሩ እናቶችና አባቶች ካሉ ይዛችኋቸው ኑ፤ መጀመሪያ እነሱን እንሰማለን።